አርባ ዓይነት ጉተታ

የሚስቴ አባት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከባድ ነገር ሲያስጎትቱ ኖረዋል። የማተሚያ መኪና፣ የባንክ ካዝና፣ የዳቦ ቤት ምድጃ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ይፍረስ የተባለ የዘበኛ ቤት ከነመስኮቱ ከነመጋረጃው አንስተው ሃምሳ ሜትር ወስደውታል። መጋረጃው እንኳ አልተወዛወዘም ይላሉ ያዩ ሰዎች። በመሥሪያ ቤታቸው «ጋሼ ቀስ» ነው የሚባሉት፤ ሥራ ላይ ሲሆኑ ከአፋቸው የምትወጣው ቃል እሷ ብቻ ስለሆነች። ቀስ። ሌላው ሁሉ በእጅ ምልክት ነው።

እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ በአፌ የማድር ሰው። ልጃቸውን ላገባ ስተዋወቃቸው «ምን ትሠራለህ?» አሉኝ። «እንግሊዝኛ አስተምራለሁ» አልኩ። ጥቂት አሰቡና «ጎሽ። ቀን ቀንስ?» አሉ።

ስድስት ዓመት እንዲህ ተከባብረን ኖርን። እሳቸው የእኔን ሥራ እንደ ዕረፍት፣ እኔ የእሳቸውን ሥራ እንደ ጉልበት ነገር እያየን። ከዚያ ደብዳቤው መጣ።

ደብዳቤው ከመድን ድርጅት ነው። ከውጭ የሚመጡ ማሽኖችን የሚተክሉት መሐንዲሶች የውጭ ሰዎች ስለሆኑ፣ ከእንግዲህ የጉተታ ቡድን መሪ የሚሆን ሰው በእንግሊዝኛ መግባባት መቻሉን በቃል ፈተና ያረጋግጥ ይላል። የወደቀ ወደ ሌላ የሥራ መደብ ይዛወራል። ሌላው የሥራ መደብ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ምርምር አላስፈለገም፤ በመሥሪያ ቤቱ ያለ ባዶ መደብ አንድ ነው፤ የበር ጥበቃ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቶን ያንቀሳቀሰ ሰው በር ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ቦርሳ ሊፈትሽ። የተሰጠው ጊዜ ሦስት ሳምንት።

ፈተናው ከምን ይወጣል? ይኼን ያዘጋጀው የመሥሪያ ቤታቸው የሰው ኃይል ኃላፊ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የነበርን፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንዲት መጽሐፍ ከፍቶ እሷንም ትራስ ያደረጋት ልጅ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ «መጎተት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፈ፤ መጀመሪያ ያገኘውን ዝርዝር አተመ። አርባ ሐረግ። ሁሉም «ፑል» የሚል አለበት፤ አንዱም ገመድ አያውቅም። የሰው እግር መጎተት አለ፣ መቀለድ ማለት ነው። የበግ ፀጉር በሰው ዓይን ላይ መጎተት አለ፣ ማታለል ነው። ከሰው እግር ሥር ምንጣፍ መጎተት፣ ካልሲን ወደ ላይ መጎተት፣ ፊትን መጎተት፣ ከባርኔጣ ጥንቸል መጎተት። ስልክ ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ስለ ዊንች አይደለም።»

«ሥራቸው መጎተት ነው» አለኝ ረጋ ብሎ፤ «ዝርዝሩም ስለ መጎተት ነው። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት መጣጣም ነው የምትፈልገው? ደግሞ ማኅተም አርፎበታል።»

ማኅተም ካረፈበት በኋላ ወረቀት አይሳሳትም፤ የሚሳሳት ሰው ነው። ስልኩን ዘጋሁ።

ሚስቴ ከጎኔ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «አንተ ነህ የምታስጠናቸው» አለች። «አባቴ በር ላይ ቆመው ቦርሳ ሲፈትሹ ካየሁ፣ መጀመሪያ የሚፈትሹት ያንተን ቦርሳ ነው። ከነሙሉ ልብስህ።»

ትምህርቱ ጠዋት ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ የእኛ ቤት ምግብ ጠረጴዛ ላይ ሆነ። ይመጣሉ፣ ቆባቸውን ያወልቃሉ፣ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ያስቀምጣሉ። እነዚያን እጆች ያየ ሰው ጠረጴዛው የተሠራው ለእነሱ ማሳረፊያ ይመስለዋል። በግራቸው በኩል ወረቀቱ፣ በቀኛቸው በኩል የልጅ ልጃቸው የቀለም እርሳሶች።

«አንደኛው፦ የሰው እግር መጎተት። መቀለድ ማለት ነው አባባ።»

«የቆመ ሰው ነው የተኛ?»

«ማንም ይሁን፤ አባባል ነው።»

«እንዴት ማንም ይሁን ትላለህ! የቆመ ሰው እግሩን ከጎተትከው በማጅራቱ ነው የሚወድቀው። ይሄ ቀልድ ነው?»

«እሺ፣ የተኛ ይሁን።»

«የተኛ ሰው ምን አደረጋችሁ? ተዉት ይተኛ።»

በዚህ ዓይነት በቀን ሁለት ሐረግ ከጨረስን ጎበዞች ነን። ካልሲውን «እሱ የግል ጉዳይ ነው» ብለው አለፉት። ጥንቸሏን «ስንት ኪሎ ናት?» አሉ። የበግ ፀጉሩን ግን ወደዱት፤ «አለ እንዲህ ያለ ሰው። ሸክሙን በሸራ ሸፍኖ ‘አራት ቶን ነው’ ይልሃል። ሸራውን ሳልገልጥ እጄን አልሰድም።» የራስን ክብደት መጎተት የሚለው ላይ፣ ድርሻን መወጣት መሆኑን ሳስረዳ፣ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው አስጠጉና «ይቺን ያወጣት ሰው ገመድ ይዞ ያውቃል» አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደረስን። ራስን ሰብስቦ መጎተት። «ሰው ሲደናገጥ፣ ሲረበሽ የሚባል ነው» አልኳቸው፤ «ተረጋጋ፣ ራስህን ያዝ እንደማለት።»

«የት ቆሞ?» አሉ።

«ምኑ?»

«ጎታቹ። ማንኛውም ጉተታ መቆሚያ ይፈልጋል። የማይነቃነቅ ነገር ታገኛለህ፣ ገመዱን እሱ ላይ ታስራለህ፣ ከዚያ ነው ሌላውን የምትጎትተው። መቆሚያው ከተነቃነቀ የምትጎተተው አንተ ነህ። አሁን ይሄ ሰውዬ ተደናግጧል፣ እየተነቃነቀ ነው። ራሱን የሚጎትተው የት ቆሞ ነው?»

ይቺን ሐረግ ስምንት ዓመት አስተምሬያታለሁ። ፈተና ላይ አውጥቻታለሁ፣ አርሜያታለሁ፣ ነጥብ ቆርጬባታለሁ። የት ቆሞ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

«ሰው ይፈልጋል» አሉ በመጨረሻ ለራሳቸው። «ሚስት ትሁን፣ ልጅ ይሁን፣ የሥራ ባልደረባ ይሁን። ብቻውን አይሆንም። ተሳስተዋል እንግሊዞቹ።» እና ቆባቸውን አጥልቀው ወደ ሥራ ሄዱ። እኔ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረሁ፤ ክፍል አረፈድኩ፤ በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

የፈተናው ቀን የጉተታ ቀን ሆኖ አረፈው። ተቆጣጣሪዋ ከመድን ድርጅቱ የምትመጣው በዚያች ቀን ብቻ ነው ተባለ፤ በዚያች ቀን ደግሞ ጋሼ ቀስ ሆስፒታል ውስጥ ሰባት ቶን ያስገባሉ። የሰውን ገላ በማግኔት የሚያነብ ማሽን ነው፤ እስኪተከል ድረስ ሆዱ ውስጥ ያለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት፤ እስከ ስምንት ሰዓት ከመብራት ጋር ካልተገናኘ ይሞቃል፣ ከሞቀ ደግሞ ማሽን መሆኑ ቀርቶ የሰባት ቶን ሐውልት ይሆናል። ስለዚህ ጉተታው ይቅደም፣ ፈተናው እዚያው ይሁን ተባለ። እኔም በሚስቴ ትእዛዝ ሄድኩ፤ ለሞራል።

ሦስት ሰዓት ላይ በሆስፒታሉ የኋላ በር ተሰበሰብን። ከበሩ ወደ ውስጥ አሥራ ሁለት ሜትር የብረት ዳገት ተሠርቷል፤ ከዳገቱ በላይ ረጅም ኮሪደር አለ፤ ከኮሪደሩ መጨረሻ የማሽኑ ክፍል። በዳገቱ አናት ያለው ምሰሶ ላይ ወፍራም የብረት ሳህን በቡሎን ተጠፍሯል፤ ሳህኑ ላይ ካሩኮላ፣ ገመድ የሚዞርበት መንኮራኩር፣ ተንጠልጥሏል። የብረት ገመዱ ከማሽኑ ይነሳል፣ በካሩኮላው ይዞራል፣ ጎን ባለው ክፍል ውስጥ ወዳለው ዊንች፣ በእጅ ወደሚሳበው መጎተቻ፣ ይገባል። ዊንቹ ላይ ያለው ሰውዬ ቁመቱ ከትከሻዬ አይደርስም፤ ስለዚህ «ቁመቴ» ነው የሚሉት። ሌሎች ሁለት ሰዎች ታኮ ይዘው ከማሽኑ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ማሽኑ አንድ ስንዝር በወጣ ቁጥር ከኋላው ታኮ ይወትፋሉ።

አማቴ እንግዶቹን ሰብስበው ነገሩን። እንግዳ ማለት ተቆጣጣሪዋ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው እና እኔ ነን።

«ከገመዱ ትይዩ ማንም አይቆምም። ቢበጠስ ሰው ይቆርጣል። ጉተታ ላይ ወሬ የለም። አንድ ቃል ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ ‘ቁም’። ማንም ሰው፣ የፈለገውን ነገር ቢያይ፣ ባያይም ደስ ካላለው፣ ቁም ይበል። ይቆማል። ለምን አልክ አይባልም። ከዚያ ሁላችንም በባዶ እጅ ሸክሙንም ገመዱንም ዳስሰን እንዞራለን፣ ከዚያ እንቀጥላለን።»

«ያለ ምክንያት ቢሆንስ?» አለች ተቆጣጣሪዋ እስክሪብቶዋን አንስታ።

«ምክንያት የሚጠየቅ ሰው ምክንያቱን እስኪያዘጋጅ ይዘገያል» አሉ። «አንድ ባልደረባ ነበረን፤ ከዚያ በፊት በከንቱ አስቆምክ ተብሎ ተሰድቧል። ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ ዝም አለ። አሁን በአንድ እግሩ ነው የሚሄደው።»

ተጀመረ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። እኔ ጉተታ ሲባል የጠበቅኩት ጩኸት ነው፤ ላብ፣ እንደ ገበያ ሆ ማለት። ምንም የለም። ከጎን ክፍል ጠቅ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ቁመቴ የዊንቹን እጀታ አንድ ጊዜ ሳበ ማለት ነው። ጠቅ፤ ሰባት ቶን ጣት ታህል ወጣ። ጠቅ፤ ሌላ ጣት። ያ ነጭ ግንብ የሚያህል ነገር፣ አራት ሰው ተቃቅፎ የማይከበው፣ እንደ ጨረቃ ነበር የሚወጣው፤ ሲወጣ አታይም፣ ወጥቶ ነው የምታየው። አማቴ ከጎኑ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አኑረው አብረውት ይራመዳሉ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንዳንዴ ሌላኛው እጃቸው ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጠቅታው ይዘገያል። «ቀስ» ይላሉ። ለሰዎቹ ይሁን ለማሽኑ አላወቅኩም፤ ሁለቱም ግን ሰሟቸው።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ትልቅ ነገር ማየት ብርቄ ሆኖ አይደለም። ትልቅ ነገር ሲታዘዝ ግን አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ሜትር ላይ ተቆጣጣሪዋ፣ «ይቅርታ፣ አንዴ ቁሙልኝ፣ ፎቶ ላንሳ» አለች።

«ቆመ!» አሉ አማቴ። ታኮ ተወተፈ። ሁሉም ጓንታቸውን አውልቀው፣ በባዶ እጅ፣ ማሽኑን፣ ማሰሪያውን፣ ገመዱን፣ ካሩኮላውን እየዳሰሱ ዞሩ። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ተቆጣጣሪዋ ፊቷ ቀላ፤ «ለፎቶ ነው እኮ ያልኩት» ብትልም የሰማት የለም። አማቴ ሲመለሱ ትንሽ ጎንበስ ብለው «ደግ አደረጉ» አሏትና መዳፋቸውን ወደ ቦታው መለሱ።

አምስተኛው ሜትር ላይ የሰው ኃይል ኃላፊው ስልኩ ከእጁ አምልጦ ብረቱ ዳገት ላይ ወደቀ። «ቁሙ ቁሙ! ስልኬ!» ቆመ። ጓንት ወለቀ። ተዞረ። ሃያ ደቂቃ። «ደግ አደረግክ» አሉት ስልኩን አንስተው ሲሰጡት። የሆስፒታሉ መሐንዲስ ሰዓቱን ያያል፣ ያየውን ሰዓት መልሶ ያያል። እኔ በሆዴ የዶርም ጓደኛዬን እዚህ የማልጽፈውን ሁሉ አልኩት። ሰዓቱ አምስት ተኩል እያለ ነው። ማሽኑ ቢሞቅ ደብዳቤ የሚጻፈው ስልኩን በጣለው ላይ አይደለም።

እኔን ያቆሙኝ በዳገቱ አናት፣ ከምሰሶው ጀርባ፣ ግድግዳ ተጠግቼ ነው፤ «እዚህ ሁን፣ መንገድ አትዘጋም» ብለው። ሁሉም ሰው ዓይኑ ማሽኑ ላይ ነው፤ የእኔም ነበር። ከስምንተኛው ሜትር በኋላ ግን አንገቴን ሳሳርፍ ምሰሶውን አየሁ። ከሳህኑ ጠርዝ፣ ከኋላ በኩል፣ ነጭ አቧራ ወረደች። ክር ታህላለች። ቆመች።

ጠቅ። ወረደች።

አሁን እውነቱን ልናገር። በልቤ ያልኩት ይሄን ነው፤ አቧራ ነው። ግድግዳ አቧራ አለው። አንተ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነህ፣ ስለ ግድግዳ ምን ታውቃለህ? ሁለት ጊዜ በከንቱ ቆሟል፤ ሦስተኛ ጊዜ በአማቻቸው፣ በአቧራ ምክንያት ቆሞ ማሽኑ ቢሞቅ፣ ተቆጣጣሪዋ ምን ትጽፋለች? በር ላይ ቆመው ቦርሳ ሲፈትሹ ታዩኝ። ጠቅ። ወረደች። ደንቡን ራሳቸው ነግረውኛል፤ ያልገባኝ ክፍል የለም፤ እንግሊዝኛ እንኳ አልነበረም። ግን አንደበቴ፣ ቀኑን ሙሉ ስታወራ የማትደክመዋ፣ ከላንቃዬ ጋር ተጣበቀች። ጠቅ።

«ቁም» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

«ቆመ!»

ታኮ። ጓንት። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። አማቴ ከታች ጀምረው መዳሰስ ጀመሩ፤ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ ምንም ነገር ሳያገኙ፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ «ደግ አደረግክ» አሉኝ። ለፎቶውም፣ ለስልኩም ያሉት በዚሁ ድምፅ ነበር። ከዚያ ሳህኑ ጋ ደረሱ። በሳህኑና በምሰሶው መሐል የጠቋሚ ጣታቸውን ጥፍር አስጠጉ።

«ጥፍሬ ገባ» አሉ።

ቁመቴ ከጎን ክፍል ብቅ ብሎ ነበር፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አማቴ በመዶሻ ጫፍ ልስኑን አንኳኩ፤ ሰፊ ቅርፊት ረገፈ። በሕንፃው ሥዕል ላይ ጥቅጥቅ ያለ ኮንክሪት የተባለው ምሰሶ ከታች ብቻ ኮንክሪት ነው፤ ከወገቡ በላይ ባዶ ብሎኬት፣ ላዩ ልስን። አራቱ ቡሎኖች የያዙት አየር ነበር ማለት ይቻላል። ቢነቀል ሰባት ቶን ስምንት ሜትር ዳገት ወደ ኋላ ይንደረደር ነበር። ታኮ ያዦቹ በግራና በቀኝ ናቸው። ተቆጣጣሪዋ ግን የተሻለ ፎቶ ፍለጋ ቀስ በቀስ ወደ መሐል ገብታ፣ ልክ ከማሽኑ ኋላ፣ ዳገቱ ግርጌ ላይ ቆማ ነበር። የቆመችበትን አየችው። ማሽኑን አየችው። ሄዳ ግድግዳ ተደገፈች።

የሆስፒታሉ መሐንዲስ ሥዕሉን ዘርግቶ «እዚህ ላይ ኮንክሪት ይላል፤ ማኅተምም አለው!» ይላል እየደጋገመ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ አማቴ። «ምሰሶ ሳላንኳኳ አስሬ አላውቅም። ጠዋት መሐንዲሱ ወረቀቱን አሳየኝ፣ አመንኩት።» ወደ እኔ ዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሦስት ሳምንት ወረቀት ሳነብ ከርሜ ወረቀት ማመን ጀመርኩ።»

ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ሳህኑን አወለቁ። በኮሪደሩ መጨረሻ በር ጀርባ አንድ ወፍራም የብረት ተሸካሚ አግድም ገጠሙ፣ ግራና ቀኝ እውነተኛ ግንብ ላይ አርፎ፤ ይሄኛውን ጋሼ ቀስ በመዶሻ አሥር ቦታ አንኳኩት፣ ጆሯቸውንም ለጠፉበት፣ አንድ የሆነ ነገር የነገራቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ካሩኮላው እዚያ ታሰረ። ጠቅ። ጠቅ። ዳገቱ አለቀ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሲል ማሽኑ ከክፍሉ በር ሦስት ሜትር ቀርቶት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ የሆስፒታሉ ሰዎች ረጅም ገመድ አምጥተው መብራት ሰጡት። ማሽኑ ሆዱ ውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ አሰማ። የሁላችንም ትከሻ አንድ ላይ ወረደ።

የክፍሉ በር ለማሽኑ ስለጠበበ፣ ግድግዳው ፈርሶ እስኪሰፋ አንድ ሰዓት መጠበቅ ነበረብን። ተቆጣጣሪዋ ዝርዝሩን አወጣች። አማቴ የዕቃ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፣ እሷም ፊት ለፊታቸው ሌላ ሣጥን ላይ። ከአርባው ሃያ አምስት ያገኘ ያልፋል።

«አንደኛ» አለችና የእግሩን አነበበች።

«ጆክ» አሉ አማቴ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «በት፣ ዴንጀረስ።»

ምልክት አደረገች። ሁለተኛ፣ ልክ። ሦስተኛ፣ ልክ። ጥንቸሏ አመለጠቻቸው። ምንጣፉን መለሱ። ሲያውቁ ወዲያው ይመልሳሉ፤ ሳያውቁ ወዲያው «ኖ» ይላሉ፤ መሐል ላይ የሚንገዋለል ነገር የላቸውም። እኔ ጣቶቼን እቆጥራለሁ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ደረሰች። ራስን ሰብስቦ መጎተት። በዓይኔ ተረጋጋ በሉ፣ ተረጋጋ ብቻ በሉ እያልኩ ልፈነዳ ነው።

«ኖት አሎን» አሉ። ብቻውን አይሆንም።

ተቆጣጣሪዋ የመልስ ወረቀቱን አየች። አማቴን አየች። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ ኤክስ አደረገችበት። መልስ ወረቀቱ ላይ የለማ፤ ምን ታድርግ።

በመጨረሻ ደመረች። እንደገና ደመረች። «ሃያ ሦስት» አለች።

የሰው ኃይል ኃላፊው ተጠጋ። «ሁለት ነጥብ እኮ ናት። የዛሬውን ጀግንነት አይተሽ... ሁለት ነጥብ ምን አላት?»

«ተው» አሉ አማቴ። «ሃያ አምስት ካለ ሃያ አምስት ነው። ገመድ ላይ ሁለት ምን አላት ብል ኖሮ እነዚህን ልጆች ስንቴ ቀብሬያቸዋለሁ።» ተነሡ። ቆባቸውን አራገፉ። «ለመሆኑ ጥበቃ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

ቁመቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ደግሞ ሰባት ቶን ሲያቆሙ ያላየሁባቸውን ድካም እዚያች ጥያቄ ላይ አየሁት።

«ይቀመጡ» አለች ተቆጣጣሪዋ። «አልጨረስኩም።» ቅጹን ገለበጠች። ከኋላ «ሌላ አስተያየት» የምትል ሣጥን አለች፣ ማንም ሞልቷት የማያውቅ። እየጻፈች ጮክ ብላ አነበበች። «ተፈታኙ ቋንቋውን አላለፈም። ከስድስት ወር በኋላ ይፈተናል። እስከዚያ ድረስ ድርጅታችን ከእሱ በቀር በማንም መሪነት ለሚጎተት ሸክም መድን አይሰጥም። በእያንዳንዱ ጉተታ ላይ እንግሊዝኛ የሚችል ረዳት አብሮት ይቁም።»

«እንዲህ የሚል መደብ በመዋቅሩ ላይ የለም» አለ ኃላፊው።

«እኔ እቆማለሁ» አልኩ። ሳላስብ ነው ያልኩት። ጉተታ የሚበዛው ቅዳሜና እሑድ እንደሆነ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የእኔ እንቅልፍ እንደሆነ ትዝ ያለኝ ካልኩ በኋላ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ቀና አለች። «ዝምድናችሁ?»

«አማቻቸው ነኝ።»

«ቁም ያልከው አንተ ነህ።»

«አዎ። ግን...» አማቴ እያዩኝ ነው። «ሦስት ጠቅታ ዘግይቻለሁ። አይቼ ዝም ብያለሁ። ፈራሁ።»

ተቆጣጣሪዋ ይሄን ልጻፈው ወይስ ልተወው እያለች ወደ አማቴ ዞረች። እሳቸው ግን ጓንት እየፈለጉ ነበር። ከሣጥኑ ውስጥ አንድ ጥንድ አወጡ፣ ለኩብኝ፤ ሰፋ። ሌላ አወጡ።

«በሚቀጥለው አንድ ጠቅታ» አሉኝ። «ከዚያ በኋላ ምንም።»

ስሜ ቅጹ ላይ ገባ። ኃላፊው በዚያው ለመዋቅሩ ማሻሻያ ሊጽፍ ሮጠ።

ግድግዳው ሰፋ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሜትሮች ብዙ ጠቅታ ወሰዱ፤ ከግራና ከቀኝ የቀረው ክፍተት መዳፍ በአግድም አያስገባም። ከዚያ ማሽኑን በክሪክ አንስቶ፣ ሲንከባለልበት የመጣውን ሮለር ከሥሩ አውጥቶ፣ መሬት ላይ በተሰመረው መስመር ማሳረፍ አለ። እኔ ግራ ጥግ ላይ ነኝ። ሰባት ቶን ከፊቴ ወረደ። ሲያርፍ ድምፅ አልሰማሁም፤ በጫማዬ ሶል በኩል ግን አንድ ነገር ወደ እግሬ ወጣ፣ ከእግሬ ወደ ደረቴ፤ ወለሉ ትንፋሹን የዋጠ መሰለኝ።

በዚህ መሐል ማሽኑን የሚተክለው የውጭ ሰው መጣ፤ እንግሊዝኛው ሁሉ የተፈለገው ለእሱ ነው። ረጅም፣ ቀይ፣ ሻንጣ ያንጠለጠለ። ሳይጨብጠን አለፈና ውሃ ልኩን ከሻንጣው አውጥቶ ማሽኑ ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ አለ። ውሃ ልኩን አዙሮ በሌላ በኩል አስቀመጠ። ጎንበስ አለ። ከዚያ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ መስመሩን በመለኪያ አየ። ተነሣ። አማቴን አየ፣ ቁመቴን አየ፣ የእጅ ዊንቹን አየ፣ መኪና ወይም ሞተር የሚፈልግ ይመስል ኮሪደሩን ወደ ኋላ አየ። ባርኔጣውን አወለቀ።

አማቴ በክርናቸው ጎሰሙኝ። «በል ተርጉም እንጂ! ምን አለ?»

«ምንም አላለም አባባ።»

«ምንም?»

«ዝም ነው ያለው።»

ሰውየውን እንደገና አዩት። አሁንም ባርኔጣው በእጁ ነው።

«እሺ» አሉ፤ «እሱ እስኪናገር ድረስ እነዚያን ታኮዎች ልቀም። ሁለት ሁለቱን ያዝ፣ አትቸኩል።»